የሰማይ ላሜ ጉልበት

አንድ ወጣት ሜዳ ላይ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። እኔ በስልኬ እያየሁት ነው። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ስርቆቴ!» የሚል ነበር።

«ወይኔ» አላልኩም። «እግዜር ይማረው» አላልኩም። ስርቆቴ! አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ደንግጠው ዞር አሉ። «ምን ሰረቁህ?» አሉና የራሳቸውን ኪስ ደባበሱ።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ቃሏ ግን አልለቀቀችኝም። ሌሊት መኪና እያስገባሁ እያስወጣሁ ትመጣብኛለች። ልጻፋትና ትውጣልኝ።

ቡዝ ውስጥ የለመድኩት ጨዋታ

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ ቡዝ በምንላት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ዲሲ ኖሮ ፓርኪንግ ያልሠራ፣ ወይም የሠራ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ስንት ነው? ስለዚህ ስለ ሥራው ብዙ አልልም። አገር ቤት የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ዲግሪዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አልጋዬ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል።

ቤዝቦል ያጠመደኝ በ2019 ነው። ያን ዓመት የከተማችን ቡድን፣ ናሽናልስ፣ ዋንጫውን በላ። ከሂዩስተን ጋር ሰባት ጨዋታ ተጫወቱ። ሰባቱንም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ባለሜዳ አንድም ቀን አልቀናውም። ደንበኞቻችን ቀይ ኮፍያ አድርገው ሲጨፍሩ እኔ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳብ እሠራ ነበር። እያንዳንዱ ጨዋታ ሳንቲም እንደመወርወር ቢቆጠር እንኳ፣ ሰባት ጊዜ በተከታታይ እንግዳ የማሸነፉ ዕድል ከ128 አንድ ነው። የጨዋታውን ሕግ በቅጡ ሳላውቅ ቁጥሩ ገባኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰርግ ቤት ብጠራም መጀመሪያ ወንበር ነው የምቆጥረው።

ቤዝቦል ደግሞ ለቁጥር የተፈጠረ ጨዋታ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ ውጤቱ ይጻፋል፤ እንደገና። እግር ኳስ ላይ ሃያ ሁለት ሰው እየተራወጠ ማን ምን እንደሠራ ለመለየት ያስቸግራል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በየተራው ነው። የዚህ ዓለም አባት ቢል ጄምስ ነው። ሰውዬው በ1970ዎቹ ካንሳስ ውስጥ የአንድ የታሸገ ባቄላ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ሁሉ ሲተኛ እሱ የጋዜጣ ቁጥሮች እያገላበጠ «ሰዎች እውነት ነው የሚሉት ነገር እውነት ነው ወይ?» እያለ ይጠይቃል። በ1977 የመጀመሪያ ጽሑፉን ራሱ አሳተመ። ኋላ ላይ ቦስተን ሬድሶክስ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ቡዜ ትንሽ ሰፋችልኝ።

ታዲያ ከፎቅ ደንበኞቻችን አንዱ ላፕቶፔ ላይ የተደረደረውን ቁጥር አየና ወደ ፋንታሲ ሊጋቸው ጋበዘኝ። አሥራ ሁለት ሰው ነን። እያንዳንዳችን እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን የምናብ ቡድን እንሠራለን፤ እነሱ ሜዳ ላይ የሚሠሩት ለእኛ ነጥብ ይሆናል። የፕሪሚየር ሊጉን ፋንታሲ ለምትጫወቱ አንዷን ልዩነት ብቻ ልንገራችሁ። እዚያ ሃላንድን እኔም አንተም ጎረቤትህም መያዝ ትችላላችሁ። የእኛ ላይ ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ቀድሞ የጠራው ይወስደዋል፣ ሌላው አፉን ይዞ ይቀራል። ጨዋታውን በ1980 የጀመሩት ኒውዮርክ ውስጥ ዳንኤል ኦክረንትና ጓደኞቹ ናቸው። ይገናኙበት የነበረው ምግብ ቤት ላ ሮቲስሪ ፍራንሴዝ ይባል ስለነበር እስከ ዛሬ «ሮቲስሪ» ይሉታል። እንግዲህ በዶሮ መጥበሻ ስም የሚጠራ ጨዋታ ነው ሌሊቴን የበላው።

ይህን ለጋሼ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። ጋሼ እኔ ያለሁባት ቡዝ ውስጥ ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቤት መቀመጥ አይሆንላቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ይላሉ። አዳምጠው አዳምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«ተጫዋቾቹ የአንተ ናቸው?»

«አይ ጋሼ፣ የእውነተኛ ቡድን ናቸው።»

«ደሞዝ ትከፍላቸዋለህ?»

«አልከፍልም።»

«ያውቁሃል?»

«ኧረ አያውቁኝም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኔን «ላሞችህ» ነው የሚሉት።

ቢጫዋ ሳጥን

በ2024 መጋቢት ላይ ዕጣ ስናወጣ አንደኛ ደረሰኝ። ከመላው ሊግ መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ ማለት ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን አንደኛ ወጥቶ መሳሳት ያሳፍራል። ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው ከመጨረሻው ሰው ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ተራዬ የሚደርሰው 24ኛና 25ኛ ላይ ነው። መሀል ላይ ሃያ ሁለት ሰው ሲወሰድ ቁጭ ብዬ ማየት ነው። ስለዚህ ያቺ የመጀመሪያ ምርጫ መሠረት ናት።

ሁለት ወር ሙሉ ኤክሴል ላይ ተደፋሁ። የእኛ ሊግ በአሥር ዘርፍ ይቆጠራል፤ አምስት ለመቺ፣ አምስት ለወርዋሪ። የመቺዎቹ አማካይ ምት፣ ሆም ራን፣ ሯጭ ማስገባት፣ ራስ መግባትና ቤዝ መስረቅ ናቸው። ቤዝ ሯጩ የሚያርፍበት ጣቢያ ነው፤ አራቱን ዞሮ የጨረሰ ነጥብ ያገባል። ሆም ራን ኳሷን ከአጥር ውጭ ልኮ ሁሉንም መዞር ነው፤ ስርቆት ደግሞ ማንም ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ መድረስ። ችግሩ እነዚህ ነገሮች በአንድ ሚዛን አይወጡም። አንድ ሆም ራን ስንት ስርቆት ያወጣል? ጤፍና በርበሬ በኪሎ እንደማወዳደር ነው። መፍትሔው ግን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማርኳት ቀላል ዘዴ ናት። ተጫዋቹ ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል? ያ ርቀት ለሌሎቹ ከተለመደው መራራቅ ስንት እጥፍ ነው? ሁሉን በዚህ ከለካህ ሆም ራንና ስርቆት ተደምረው አንድ ቁጥር ይሰጡሃል።

እዚያ ላይ አንድ ስም ከሁሉም ርቆ ቆመ። ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር፣ የአትላንታው። በ2023 41 ሆም ራን መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ። በቤዝቦል ታሪክ በአንድ ዓመት 40 ሆም ራንና 70 ስርቆት ያጣመረ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከሁለቱ ሊጎች በእሱ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሲሸለም አንድ መራጭ እንኳ አንደኛ ብሎ ሌላ ስም አልጻፈም።

መጠንቀቅ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። በ2023 ሕጉ ተቀይሯል። ቤዙ ከ15 ኢንች ወደ 18 ሰፋ። ወርዋሪው ሯጩን እየዞረ የሚያስፈራራበትም ብዛት ተገደበ። በዚህ ምክንያት በመላው ሊግ የተሰረቀው ቤዝ በ2022 ከነበረበት 2,486 ወደ 3,503 ዘለለ። ሌባው ሲበዛ ስርቆት ይረክሳል። እሱንም ቀነስኩ። አኩኛ ግን አሁንም አንደኛ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የወደፊቱን ለመገመት የተጠቀምኩት ቶም ታንጎ የሚባል ሰው ያወጣውን ማርሴል የሚባል ዘዴ ነው። ስሙ የዝንጀሮ ስም ነው። ከዚህ የቀለለ ግምት የለም፣ ዝንጀሮም ይሠራዋል ለማለት ነው። ያለፈውን ዓመት በ5፣ የካቻምናውን በ4፣ ከዚያ በፊት ያለውን በ3 ታባዛለህ። ወደ አማካዩ ትስበዋለህ። ዕድሜ ታያለህ። በቃ። ሰውዬው ስንት ጊዜ ለመምታት እንደሚቆም ደግሞ ለብቻው ትገምታለህ፤ ያለፈውን ዓመት ግማሽ፣ የካቻምናውን አንድ አሥረኛ፣ ሲደመር 200። አኩኛ በ2023 735 ጊዜ ቆሟል። በ2022 ደግሞ ገና ከጉልበት ቀዶ ሕክምና ስለተመለሰ 533 ብቻ። ዝንጀሮው ደምሮ 621 አለኝ።

621 አልጣመኝም። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ከ162 ጨዋታ 159ኙን ተጫውቷል! ሳጥኗ ላይ ጠቅ አደረግኩና በእጄ 700 ብዬ ጻፍኩ። በእጅ የገባ ቁጥር መሆኑ እንዲታወቀኝ ቢጫ ቀለም ቀባኋት። ልምምድ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አስቸግሮት ሐኪም ዘንድ መሄዱን ሰምቻለሁ። በ2021 የተበጠሰው ያው ቀኙ ነው። «ሐኪሙ ምንም አላለም» ብዬ ሳጥኗን ዘጋሁ።

በድራፍቱ፣ ማለትም ተጫዋች በተራ በምንመርጥበት ሌሊት ስሙን ስጠራ ማንም አልተገረመም። ያስገረመችን 12ኛዋ መራጭ ናት። ወርዋሪም መቺም የሆነውን ሾሄይ ኦታኒን ጠራች። እኔ ስለ ኦታኒ ተዘጋጅቻለሁ። ክርኑን ቀዶ ሕክምና ስላደረገ በ2024 አይወረውርም፤ መምታት ብቻ ነው። በ2023 የሰረቀው 20 ቤዝ ነው። ወደዚያው ገደማ ገምቼለታለሁ። አንዱ «ሲወረውር ነበር እንጂ አሁን ግማሽ ሰው ነው» ብሎ ሲቀልድባት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ዘንድሮ አይወረውርም፤ ታዲያ እግሩን ለምን ይቆጥበዋል?» አለች። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ኦታኒ በዚያ ዓመት 59 ቤዝ ሰረቀ፣ 54 ሆም ራን መታ። ያቺ አንድ ጥያቄዋ ከእኔ የሁለት ወር ኤክሴል ትበልጥ ነበር። እኔ ያለፈውን አማካይ ወሰድኩ። እሷ ሰውዬው ዘንድሮ በምን ሁኔታ እንደሚውል አሰበች።

ግንቦት 18

እሑድ ነበር። በማግስቱ የአሜሪካኖቹ የመታሰቢያ ቀን ስለሆነ ከተማው ባዶ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ አሥር መኪና ቢኖር ነው። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ፣ ጾም የለም፤ ጋሼ ነጠላቸውን እንደለበሱ በሳሕን ጥብስ ይዘው መጡ። እየበላን አትላንታ ከፒትስበርግ ሲጫወት በስልኬ ከፈትኩ።

ጨዋታው ከመጀመሩ አኩኛ ለመምታት ቆመ። መታና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። «ይሄ ነው ዋናው ላም» አልኳቸው። «አሁን ሦስተኛውን ይሰርቃል፣ ይዩት።» ኩራት ነው እንግዲህ። ከቤዙ ራቅ ራቅ እያለ ወርዋሪውን ይፈታተናል። ወደ ሦስተኛው ሊሮጥ ተነሳ። ሐሳቡን ቀየረና ሊመለስ ዞረ። ሲዞር ግራ ጉልበቱ ከዳው። የነካው ሰው የለም። ኳሱም አጠገቡ አልነበረም። ብቻውን ወደቀ።

እኔ ስሰጋ የነበረው ለቀኙ ነው።

«ስርቆቴ!» አልኩ።

ጋሼ ኪሳቸውን ደባብሰው ሲጨርሱ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ልጁ መሬት ላይ ነው፤ ሐኪሞች ከበውታል።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«የማን አገር ልጅ ነው?»

«የቬንዝዌላ።»

«እናቱ ይሄኔ እያየችው ነው» አሉ። ጥብሱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ራሴን መከላከል ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ልጁ የመቶ ሚሊዮን ዶላር ውል አለው እኮ!» አልኳቸው።

«ታዲያ ብር ያለው ሰው ጉልበቱን አያመውም?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ከደቂቃዎች በኋላ ተነስቶ በእግሩ ከሜዳ ወጣ። ጋሼ «ተመስገን» አሉ። እኔስ ምን እያደረግኩ ነበር? ስልኬን ተቀብዬ መተግበሪያውን ከፍቼ፣ ማንም ያልያዛቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ቤዝ የሚሰርቅ እየፈለግኩ ነበር። ሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ሳይቀድሙኝ። ስሙን በቅጡ የማልጠራውን አንድ ፈጣን ልጅ አስገባሁ። ጋሼ ከጎኔ ሆነው ያዩኛል። ምንም አላሉም። ማታ ላይ የምርመራው ውጤት ተነገረ። የግራ ጉልበቱ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ ዓመቱ አበቃለት። 49 ጨዋታ፣ 4 ሆም ራን፣ 16 ስርቆት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ያን ሰው አንደኛ ያደረግኩት በስርቆቱ ነው። የተጎዳው ያንኑ ሲሞክር ነው።

82 ማለት ምን ማለት ነው

ያን ሌሊት ኤክሴሉን ከፈትኩት። ቢጫዋ ሳጥን እዚያው ናት። 700።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሒሳቡ ነው። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ሒሳቡ ምን በደለ? ዝንጀሮው 621 ብሎኛል። 200ዋን የሚደምረውና ያለፈውን ዓመት በግማሽ የሚቆርጠው ሰው መሆናችንን ስለሚያውቅ ነው። ሰው ይታመማል፣ ይሰበራል፤ ትናንት 159 ቀን የቆመ ነገ ላይቆም ይችላል። ያን ጥንቃቄ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ምርጫውም ቢሆን ስሕተት ነበር ብዬ አላምንም። 621ን ብተወውም አኩኛ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አይወርድልኝም ነበር። ጥሩ ውሳኔ መጥፎ ውጤት ሊወልድ ይችላል። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን ከባድ ነው፤ ውጤትህ መጥፎ ሲሆን ሁሉም ሰው የሚያጽናናህ አንተ እንደተሳሳትክ አድርጎ ነው። ስለዚህ በሒሳቡ በኩል ከራሴ ጋር ቶሎ ታረቅኩ።

ያልታረቅኩት ከቃሏ ጋር ነው።

ኤክሴሉን ወደ ግራ ስስበው የ2021 ዓምድ ላይ «82» የሚል ቁጥር አየሁ። የተጫወታቸው ጨዋታዎች። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! «ትንሽ ናሙና» ብዬ አልፌዋለሁ። ግን 82 ለምን 82 ሆነ? ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ማያሚ ውስጥ ኳስ ሊይዝ ዘሎ ሲያርፍ ቀኝ ጉልበቱ ተበጥሶ ነው። ቡድኑ ያለ እሱ ዋንጫውን አነሳ። የ2022ቱ 533ም እንዲሁ ነው፤ አንድ ልጅ እንደገና መሮጥ እስኪለምድ የፈጀበት ጊዜ። ቁጥሩ ራሱ ጉልበት ነበር። ስደምረውና ሳባዛው የከረምኩት የሰው ጉልበት ነበር። ቁጥሩ አልደበቀብኝም። እኔ አላነበብኩትም።

ሰዎች «ቁጥር ልብ የለውም» ሲሉ ያናድደኛል፤ አሁንም ያናድደኛል። ስታቲስቲክስ የተማርኩት ቁጥር ውስጥ ሰው ስላየሁ ነው። አገር ቤት ለመመረቂያ ሥራዬ የአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ስገለብጥ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም እል ነበር። መቼ ነው ያን ያቆምኩት?

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወገቤን ታምሜ ሥራ ቀረሁ። ከአለቃ የመጣልኝ መልእክት «ስንት ሰዓት ነው የምታጎድልብኝ?» የሚል ነበር። ለጓደኞቼ እያነበብኩ ተማረርኩ። «ለእነሱ እኮ ሳጥን ነን» አልኩ። እውነቴን ነበር። ሰውዬው ፕሮግራሙን ከፍቶ ስሜ ላይ የጎደለ ሰዓት አየ፣ የሚተካኝ ሰው ፈለገ። እኔ ያን እሑድ ምን የተለየ ነገር አደረግኩ? እንዲያውም እሱ ቢያንስ ደሞዝ ይከፍለኛል።

ስሜቱ እንዲህ ነው። ጨዋታውን አልተውኩም፤ እንደማልተወው ያኔም አውቄዋለሁ። ዓመቱን ሰባተኛ ሆኜ ጨረስኩ። ያቺ ኦታኒን የጠራችው አንደኛ ወጣች።

ስልክ

በ2025 አዲስ ኤክሴል ሠራሁ። ቢጫ ሳጥን የለውም። አኩኛ ገና እያገገመ ስለነበር ድራፍቱ ላይ ወረድ ብሎ ተጠራ። ሒሳቤ «ገና ነው፣ ጠብቅ» ሲለኝ ሌላ ሰው ወሰደው።

በመሀሉ ጋሼ እሑድ እሑድ በመጡ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «የዚያ ልጅ ጉልበት እንዴት ሆነ?» የቡድኔን ደረጃ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ለእሳቸው መልስ እንዳላጣ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። መራመድ ጀምሯል፤ መሮጥ ጀምሯል፤ ኳስ እየመታ ነው። እንደ ሐኪም ቤት ጠያቂ ሆንኩ።

ግንቦት 15 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሜይ 23፣ 2025፣ አርብ ማታ ተመለሰ። አንድ ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አትላንታ፣ ከሳንዲዬጎ ጋር። እኔ ቡዝ ውስጥ ነበርኩ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁ። የመጀመሪያዋ ኳስ ተወረወረችለት። መታት። 467 ጫማ ርቃ ሄደች። ሆም ራን። አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ!

ነጥቡ ለተፎካካሪዬ ነው የገባው። በሆም ራን ዘርፍ ከእኔ በአንድ ቀድሞኝ አደረ። ይህን ያስተዋልኩት በማግስቱ ነው። ያን ሰዓት ወንበሬን ገፍቼ ቆሜ ስልክ እየደወልኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ ተመለሰ! በመጀመሪያዋ ኳስ ሆም ራን መታ!»

«እሰይ! እሰይ! ጉልበቱስ?»

«እየሮጠ ዞረ።»

«ተመስገን። እናቱ እንዴት ደስ ይላት!» ዝም አሉ ትንሽ። «ላሙ ያንተ ነው እንግዲህ፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

«ኧረ አይደለም ጋሼ። ዘንድሮ የሌላ ሰው ነው።»

«የሌላ ሰው ነው?» ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። «ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»